ለሚቀጥለው አንባቢ

ለገሃር ወርዳችሁ፣ ከባንኩ ትይዩ፣
ሰማያዊ ሸራ ተዘርግቶ ብታዩ፣
እኔ ነኝ። መጽሐፍ ነው። ያገለገለ ነው።
ልብ ወለዱ ብዙ፤ የሚበር ሰው ያለው፣
ዘንዶ የሚጋልብ፣ ግንብ የሚሰነጥቅ፣
በጣቱ ንቅነቃ ወንዝ የሚያደርቅ።
ዋጋው በጀርባው ነው። ግን አንድ አመል አለኝ፣
ሳላነብ አልሸጥም፣ እንቅልፍ ቢያሳጣኝ።
አንብቤ ስጨርስ፣ ከሽፋኑ ጀርባ፣
ፍርዴን በብጣቂ ጽፌ ሳላስገባ፣
አንድ መጽሐፍ እንኳን አይወጣም ከእጄ፤
ደንበኛ አላታልልም፣ ምን ቆርጦኝ፣ ወድጄ።

ለምሳሌ ይቺ፦
«ካርታ ይበዛዋል፤ አርባ ገጽ ዝለል፤
ዘንዶው ሲናገር ግን ቁጭ በል፣ አትቸኩል።
ከንጉሡ ይልቅ ወጥ ሠሪው ጀግና ነው፤
ደራሲው አላወቀም፤ አንተም አትንገረው።»

ይቺኛዋ ደግሞ፦
«ጭምብሏን ስታጠልቅ ድምጿ ይጎረንናል፤
እናቷ ሳታውቃት መቶ ገጽ ይሄዳል!
(የእኔዋ በሳሌ ትለየኛለች፣
በሩን ሳላንኳኳ።)
ቢሆንም ይነበብ። ባላንጣዋ ግሩም ነው፤
ብሶቱ ሲገባህ ልትመርቀው ነው።»

ይቺ፦ «መጨረሻው ተቀዷል። ዋጋው በግማሽ።
ማን እንደ ሞተ አትጠይቁኝ።»

በሚበረው ሰውዬ ግን እጄ ለሰለሰ፣
«እንከን የለሽ» አልኩት፣ ልቤ እንደ ፈሰሰ።
«ካነበብከው ወዲያ መሬት ይጠብብሃል፤
ሰማዩን ሳታይ ማደር ያቅትሃል።»

ይህን አይቶ ገዛው ዘርጋው፣ የክሬኑ ሹፌር፣
ከሠላሳ ፎቅ በላይ የሚውለው በአየር።
ምሳውን በፌስታል፣ መጽሐፉን ኮቱ ውስጥ ከቶ፣
ጠዋት በመሰላል ይወጣል ተነሥቶ፤
ማታ ላይ ይወርዳል ሲሚንቶ ተቀብቶ።

አምስት ቀን ቆየና በስድስተኛው መጣ፣
መጽሐፉን ሸራው ላይ አኖረው፣ ሳይቆጣ።
«አልጠላሁትም» አለ። «አጻጻፉ ያምራል።
ግን ይሄ ደራሲ የት ሰማይ ያውቃል?
ከፍታ ይበርዳል፤ በጥቅምት ብረቱ
የመዳፍ ቆዳ ነው የሚልጥ በጠዋቱ።
ያንተ ጀግና ግን በስስ ካኔቴራ፣
ንፍጥ እንኳን የለው፣ ሲዞር ከአሞራ ጋራ።
ሽንትስ?
መቶ ሰማንያ ገጽ! ሽንት አይመጣውም?
እኔ በጠርሙስ ነው። ለማንም አልነግርም።
‹ሰው ጉንዳን መሰለ› ይላል ከላይ ሲያይ፤
ውሸት ነው። ሰው ሰው ነው፣ ከደመናም በላይ።
አንተን አይሃለሁ፣ ጠብ ሲል ዝናብ፣
ሸራህን ስትጎትት፣ ስትሸፍን፣ ስትደርብ።
በቀኝ ታነክሳለህ። ‹ምን ሆኖ ነው?› ስል፣
ከታች ፊሽካ ነፉ፤ ብረት ነበር ሚንጠለጠል።

ከሁሉም ከሁሉም መውረጃው ተዘሏል።
‹አረፈ› ይላል እንጂ፣ እንዴት ነው ያረፈው?
የትኛው ጉልበቱ ቀድሞ ተንቀጠቀጠው?
መውጣትማ ማንም! መውረዱን ይጻፈው፤
መሽቶ፣ መሰላሉ ረጥቦ፣ እጁን ሲያንሸራትተው።»

አልተከራከርኩም። እርሳሴን ቀረጽኩ።
«እንከን የለሽ» ያልኩትን በላጲስ ፈተግኩ።
ወረቀቷ ሳስታ ልትበሳ ስትል፣
እንዲህ ጻፍኩባት፣ ከጠርዟ በኩል፦
«ያምራል። ደራሲው ግን እላይ አልወጣም።
ብርዱንና ሽንቱን እናንተ ጨምሩ።
መውረጃው አልተጻፈም።»

ትናንት ምንታምር መጣች፣ ስድስተኛ ክፍል ናት፤
ቦርሳዋን በደረቷ አዝላ፣ ዩኒፎርሟ የሰፋት።
ከመጽሐፉ በፊት ብጣቂዋን አነበበች።
«መውረጃው ካልተጻፈ ታዲያ አሁን የት ነው?» አለች።

ቀና አልኩ። ከባንኩ ጫፍ፣ ከጉሙ መካከል፣
ቀይ መብራት ብልጭ ይላል፤
ከስሩ፣ በክሬኑ ሳጥን፣ ሌላ ትንሽ መብራት፣
ነጭ፣ የማይንቀሳቀስ፤ የሚያነብ ሰው ያለበት።
«እዚያ» አልኳት።

መቶ ሃያ ነው ብል፣ ሰማንያ ነበራት።
«ቀሪውን፣ መውረጃውን ጽፈሽ ስትመጪ» አልኳት።
«ጽሕፈቴ አያምርም» አለች፣ ሄደች ሽቅብ እያየች፣
የሊስትሮውን ሳጥን ለጥቂት ሳተች።